ሰባት ጊዜ ወጥቻለሁ ያልኩት ተራራ

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ዛሬ አሥራ አንድ ድንኳን ገባ። ሁሉም ከላንጂር ተራራ። ስድስቱን አጠብኩ፣ አምስቱ ለነገ። ጭቃ የለባቸውም፤ ነጭ አቧራ ብቻ... ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚበንን። ድስቶቹ ግን ያሳፍራሉ። ኢንዶሚው ደርቆ ተጣብቆባቸው፣ በማንኪያ ቢፍቁት እንኳ አይለቅም። የዛሬ ልጆች ድስት ማጠብ አያውቁም። ሚስቴ ቱሚኒ "እናታቸው ተከትላቸው የምትወጣ መስሏቸው ነው" እያለች ስትፈትግ ዋለች።

የተራራ ዕቃ ማከራየት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። የድንኳኑ ገመድ ሲላላ ነፋስ እንደነበር አውቃለሁ። የቦርሳው ማንገቻ ሲቀደድ በየትኛው መንገድ እንደወጡ አውቃለሁ። ደንበኛ ሲመለስ ሻይ እሰጠዋለሁ፣ ያወራል፣ እሰማለሁ። በማግስቱ ለሚሄደው ያንኑ እነግረዋለሁ። ሥራው ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ አንዱ "እርስዎስ ላንጂርን ስንት ጊዜ ወጡት?" አለኝ። "ሰባት" አልኩ። ለምን ሰባት? እንጃ። ሦስት ያንሳል፣ ሃያ ይበዛል። ከዚያ ወዲህ ሰባት ነው።

አንድም ጊዜ አልወጣሁም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም ነበር።

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ቡ ሙርያቲ መጡ። ከተማው ሁሉ "ቡ"፣ እመቤት፣ የሚላቸው የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ የኔንም ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ። አብራቸው ሳስሚ፣ እዚያው የምታስተምር፣ አፏ የማያርፍ። የነጻነት ቀን ጠዋት ተራራ ላይ ሆነው ባንዲራ ሲሰቀል ማየት ይፈልጋሉ። እንደ አገሩ ሁሉ።

"ሃያ ስምንት ዓመት ልጆችን 'ተራራ ሳሉ' ስል ኖርኩ" አሉ። "ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚስሉት። ሁለት ጫፍ፣ መሃሉ ላይ ፀሐይ፣ ከሥሩ የሩዝ ማሳ። እኔም እንደዚያው ነው የማሳያቸው። ዘንድሮ አንዷ 'ቡ፣ እርስዎ ወጥተው አይተውታል?' አለችኝ። ምን ልበላት?"

ሳስሚ፦ "ከአውቶቡስ መስኮት ይበሏት።"

ዕድሜያቸው አምሳ ሁለት። ቦርሳ ተሸክመው ሜዳ አድረው አያውቁም። "እንደኛ ላለው ጀማሪ የሚሆነው የቱ ነው? እርስዎ ያውቃሉ።"

አውቃለሁ። ሰንዳንግ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ጀርባ የሚገኝ ኮረብታ። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው ይላሉ፣ ካልሆነላቸውም ተመልሰው ይወርዳሉ። ከሰንዳንግ የሚመለስ ሰው ሻዩን ሳይጨርስ ወሬው ያልቃል። ግን የመንደሩ ሰዎች ካቻምና ጀምሮ የራሳቸውን ድንኳን ያከራያሉ። ወደዚያ የላክሁት ሰው ከኔ ምንም አይከራይም።

"ላንጂር" አልኩ። "ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ምንጭ አለ። ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም።"

"እርስዎ ወጥተውታል?"

"ሰባት ጊዜ።"

ቱሚኒ ከጓዳ ሳለች። የውሸት ሳል።

ኦገስት 6፣ ረቡዕ

ቁርስ ላይ ቱሚኒ፦ "ሰባት ጊዜ የወጣኸው በየትኛው እግርህ ነው?" ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

የሚመለሰው ሁሉ "ቀላል ነው" እያለ ነው የሚመለሰው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ያ ሁሉ ሰው ይዋሻል?

ኦገስት 15፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሁለቱ መምህራን ዕቃቸውን ወሰዱ። ነገ ጠዋት ይነሳሉ። መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ፤ አንድ ድንኳን አልቀረም። የቡ ሙርያቲን ቦርሳ እኔው አሰርኩላቸው። ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ወደኋላ ተንገዳገዱና ሳቁ።

"ቡ፣ ኤሊ መሰሉ እኮ!" አለች ሳስሚ።

"ኤሊም ይደርሳል፤ ቀድመሽ ደርሰሽ ሩዙን ቀቅለሽ ጠብቂኝ።"

ውሃ ስንት እንያዝ? አሉ። ቦርሳው ከብዷቸው አየሁ። "ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ይበቃል። ምንጩ ጋ ትሞላላችሁ።"

ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። መቼ ነው የሰማሁት? ዝናብ በነበረ ጊዜ... አሁን እየጻፍኩ ነው ትዝ ያለኝ። ልደውል? ምንጭ ነው እኮ። ምንጭ ይደርቃል እንዴ?

አልደወልኩም።

ኦገስት 17፣ እሑድ

ጠዋት በበዓሉ ጨዋታ ልጆች በጆንያ ሲዘልሉ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እኔ ላንጂርን አያለሁ። አንድ ደመና የለበትም። ጠራራ።

አመሻሽ ላይ ቡ ሙርያቲና ሳስሚ መጡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሳስሚ አልቀለደችም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ምንጩ ደርቋል። ጠብታ የለውም። አራት ሰዓት ያልኩት መንገድ ገና ሁለተኛው ማረፊያ ድረስ ሰባት ሰዓት ፈጀባቸው። ውሃቸው በመንገድ አልቋል። ቡ ሙርያቲ ዓይናቸው ጨለመባቸው፣ ተቀመጡ፣ መነሳት አቃታቸው። ከሰማራንግ ከተማ የመጡ የማያውቋቸው ሰዎች ግማሽ ጠርሙስ ሰጧቸው። ሜዳ የሆነው ቦታ በሰው ተይዞ እነሱ ተዳፋት ላይ ሲንሸራተቱ አደሩ። ሌላው ባንዲራውን ይዞ ወደ ጫፍ ሲወጣ እነሱ ወረዱ።

ስድብ ነበር የጠበቅሁት። በሰደቡኝ! ድንኳኑን አራግፈው፣ አጣጥፈው አመጡ። ከላዩ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የአኩሪ አተር ቴምፔ።

"ፓክ ዳርሶኖ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ፣ ጭራሽ በክብር "ፓክ" ብለው። "ቀላሉን መርጠውልን ነበር... አሳፈርንዎት። ጥፋቱ የኔ እግር ነው። ለኔ ተራራ ወረቀት ላይ ይበቃኛል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ምን ወጣ?

"ሰውነት እስኪለምድ ነው፣ ቡ።"

እስኪለምድ! ማን አስለምዶኝ ነው የማወራው?

ቴምፔውን አልቀመስኩትም።

ኦገስት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዘጠኝ ድስት ቆሽሾ ገባ። አንዱን ልፈትግ ይዤ ቆምኩ። ውሃ ቢኖር ያጥቡት ነበር። ከጁላይ ጀምሮ ድስቱ ሲነግረኝ ነበር፤ እኔ ስለ ልጆች አስተዳደግ አወራለሁ።

ዕቃ ሊመልስ የመጣውን አንዱን ጠየቅሁት።

"ላንጂር ላይ ያለው ምንጭ እንዴት ነው?"

"ከደረቀ ከወር በላይ ሆነው እኮ።"

"እና ለምንድነው የማትነግሩኝ?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "ፓክ፣ እርስዎ ሰባት ጊዜ ወጥተው የለ? ያውቃሉ ብለን ነዋ።"

ኦገስት 22፣ ዓርብ

ሳስሚ የረሳችውን የእጅ ባትሪ ልትመልስ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ቡ ሙርያቲ ለልጆቹ ምን እንዳሉ ሰምተዋል? 'አልቻልኩም፤ ደካማ ስለሆንኩ ነው፤ መንገዱ ቀላል ነበር' አሏቸው። ያቺ የጠየቀቻቸው ልጅ... ወፍራም ናት፣ ሲሮጡ ሁልጊዜ ኋላ የምትቀር... 'እኔም እንግዲህ አልችልም ማለት ነው' አለች። ቡ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።"

ባትሪውን ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። አመሰገንኩ!

ለቱሚኒ ነገርኳት። "ሂድና እውነቱን ንገራቸው" አለች።

"ገበያዬስ? ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል።"

"ገበያህ?" አለች። እራቱን አቅርባ ብቻዬን ትታኝ ወደ እህቷ ቤት ሄደች።

ስንት ሰው ልኬያለሁ? ስንቱ ነው "ጥፋቱ የኔ እግር ነው" ብሎ ቤቱ የገባው? ዕቃ መልሰው ዳግም ወደ ሱቁ ያልተመለሱትን አስቤያቸው አላውቅም። የማወራው ከተመለሱት ጋር ብቻ ነው።

ኦገስት 25፣ ሰኞ

ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ ሰንዳንግ ወጣሁ። አደርኩ። ትናንት ተመለስኩ። ዛሬ ደረጃ መውረድ አልቻልኩም።

መግቢያው ላይ ሽማግሌ ተቀምጠው ስም ይመዘግባሉ። ምባህ ከርቶ፣ አያታችን ከርቶ እንደማለት፣ ይሏቸዋል።

"ስንተኛ ጊዜህ ነው?"

ሰባት ልል ነበር። ምላሴ ለምዶታል። "የመጀመሪያዬ" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ቦርሳዬን ዞረው አዩት። "ቤትህን ነው የተሸከምከው? ሚስትህስ፣ ከሥር ናት?" አስከፈቱኝ። ግማሹን እዚያው አስቀሩት። ሁለት ድስት፣ ሦስት ልብስ፣ መዶሻ። ለሌላው ሰው ቦርሳ የማስረው እኔ ነኝ እኮ።

ዘጠኝ ጊዜ አረፍኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አንዲት ሴት ልጇን በጀርባዋ አዝላ አለፈችኝ፣ "በርቱ አባት" ብላ። ምንጩ ይፈሳል፤ ጠጣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ። ከሜዳው ሆኖ የመንደሩ ዶሮ ይሰማል። ተረከዜ ተላጠ።

ለጀማሪ የጫፉ ቁመት ምንም አይደለም። ውሃው የት ነው? ዛሬ አለ ወይ? ዘገምተኛው ሰው በስንት ሰዓት ይደርሳል? ልመለስ ብል ሳይመሽ እገባለሁ? እነዚህን ነው መጠየቅ። መላጥ የጀመረ ተረከዝ በአንድ ሰዓት ያስተማረኝን አሥራ አንድ ዓመት ሻይ እያፈሰስኩ አልተማርኩትም።

ኦገስት 27፣ ረቡዕ

ልጆቹ ሲወጡ ትምህርት ቤት ሄጄ ክፍሉ ገባሁ። ቡ ሙርያቲ ደብተር ያርማሉ። እንደቆምኩ ነገርኳቸው። የሰንዳንግን፣ የመንደሩን ድንኳን፣ ለምን እንደደበቅኋቸው። እያረሙ ሰሙኝ። "ላንጂርን አንድም ጊዜ አልወጣሁም" ስል እስክሪብቶው ቆመ።

"ይቅርታ ስጠይቅዎት ዝም ብለው ሰሙኝ" አሉ።

"አዎ።"

"ቴምፔም ተቀበሉ።"

"አዎ።"

"ጣፈጠዎት?"

"አልበላሁትም።"

"እሱንም አበላሹት!"

ጮኹ። በሃያ ስምንት ዓመት ጮኸው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ራሳቸውም ደነገጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሲጠርጉ ቆዩ።

"እኔ ማረፊያው ላይ ተቀምጬ ምን እንዳሰብኩ ያውቃሉ? ልጄ ስልክ ሲደወልላት ማን ያጽናናታል ብዬ ነው ያሰብኩት።"

ይቀመጡ አላሉኝም።

"ለኔ የነገሩኝን ነገ ጠዋት ለልጆቹ ይንገሩ። ደካማ ነኝ ያልኳቸው እርስዎን አምኜ ነው።" ከዚያ፣ ልወጣ ስል፦ "ሰንዳንግ ስንት ሰዓት ወሰደብዎት?"

"ሁለት ተኩል። ዘጠኝ ጊዜ አርፌ።"

ጻፉት። በቀዩ እስክሪብቶ።

ኦገስት 28፣ ሐሙስ

ሠላሳ አንድ ልጅ። ጆሮዬ እስኪግል ተናገርኩ።

አንዱ እጁን አወጣ። "ፓክ፣ ለምን ዋሹ?"

"ሰው እንዲያምነኝ።"

"ከዋሹ ታዲያ ለምን ያምኑዎታል?"

ቡ ሙርያቲ አላዳኑኝም። መስኮት መስኮት ያያሉ። ያቺ ልጅ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሳይጠቁሙኝ አወቅኋት። እጇን አላወጣችም። ስወጣ ግን "ፓክ፣ ዘጠኝ ጊዜ ማረፍ ይቻላል?" አለችኝ። "አሥርም ይቻላል" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሻጩ ጎረቤቴ በሱቄ በር ሲያልፍ፦ "ስምንተኛው መቼ ነው?" መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቀር።

ቱሚኒ ሩዝ ጨመረችልኝ።

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

ሁለት ቡድን ዕቃ ሳይወስድ ሄደ። "ወጥተውታል?" ይላሉ፣ እየተጣቀሱ። "አልወጣሁም" እላለሁ። በየቀኑ ያው ነው። ሲደጋገም ይቀላል ይባላል... እስካሁን አልቀለለኝም።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

ቡ ሙርያቲና ሳስሚ ከሰንዳንግ ወረዱ። ድንኳኑን ከመንደሩ እንዲከራዩ መልእክት የላክሁላቸው እኔ ነኝ፤ መልስ አልሰጡኝም ነበር። ዛሬ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ወደ ሱቁ መጡ። ጫማቸው አቧራ፣ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ።

"ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ" አሉ፣ ሰላም ሳይሉኝ። "እርስዎ ሁለት ተኩል ነበር ያሉት።"

"እኔ በዕድሜ ስለማንስ ይሆናል፣ ቡ።"

"ታዲያ እንዲያ ይበሉ። 'ለኔ ሁለት ተኩል፣ አምሳ ሁለት ለሞላት ሴት ደግሞ ይጨምሩ' ይበሉ።"

"እሳቸው ያረፉት አሥራ አራት ጊዜ ነው" አለች ሳስሚ። "እኔ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አራተኛው ላይ ሊጋደሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር!"

"ዝም በይ አንቺ። ፀሐይዋ ስትወጣ ያለቀሰችው ማን ነበረች?"

ይቅር ብለውኛል? አይመስለኝም። ሻይ አቀረብኩ፣ አልነኩትም። ግን ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ከበሩ ወዲያ ላንጂር ይታያል፤ አዩት።

"ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ሜይ ላይ፣ ያ ምንጭ ውሃ ይኖረዋል?"

ስንቱን ሰምቻለሁ ስለዚያ ምንጭ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አላውቅም" አልኩ።

ሳስሚ ሳቀች። ቡ ሙርያቲ አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"እንግዲያው የሚያውቅ ሰው እስኪወርድ እንጠብቃለን" አሉ።