መልሱ ከራስህ ይምጣ

ይድረስ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ለሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለዘካሪያስ።

የጌታ ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ያ የሚያምህ ሆድህ ተሻለህ ወይ? ሱቁስ እንዴት ነው? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እኔ ግን ተናድጃለሁ። በሌላ ሰውም በአንተም ነው የተናደድኩት፣ ስለዚህ ሰላምታዬ ቢያጥር አትቀየመኝ።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር እንደምማር አጎታችን አጵሎስ ነግረውህ ይሆናል። ላይነግሩህም ይችላሉ፣ አሁን ምኑን አውቃለሁ። ዘንድሮ የያዝነው ኔትወርክ የሚባለውን ትምህርት ነው። ቤተ ሙከራው ገመድ ስለሌለው መምህራችን ወንደሰን ሁሉንም ነገር በሰሌዳ ላይ ነው የሚያስረዳን። መልእክት ከአንድ ኮምፒውተር ሲነሳ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን ፖስታ ደርቦ ያሽገዋል፤ ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ፖስታው አንድ በአንድ ይከፈታል። መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች ሥራቸው አድራሻውን አይቶ ማሳለፍ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው አያገባቸውም። ፕሮቶኮል ማለት የመነጋገር ሥርዓት ነው አለን። ቲሲፒ የሚባለው ጉዳዩን ከማንሳቱ በፊት ሰላም ይላል፣ ያኛው ሰላምታውን ይመልሳል፣ ይኸኛው ደግሞ መልስህ ደርሶኛል ይላል። የላከው ነገር ደረሰኝ ካልተባለ እንደገና ይልካል። ዩዲፒ የሚባል ሌላም አለ፤ እሱ ልኮ ዞር ብሎም አያይም። መምህሩ ከአውቶቡስ መስኮት ተጣርቶ እንደሚሄድ ሰው ነው ሲል ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አንተን አሰብኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ወር ገደማ አጎታችን ምዕራብ ዓባያ ቤታችን መጥተው ዘካሪያስ ደውሎ ነበር አሉ። የአባባን የሙዝ ማሳ ለአንድ ነጋዴ በረጅም ኮንትራት ስጡት ብሏል አሉ። እማዬ ልጄ ካለ ምን አደርጋለሁ አለች። ማሳው ከሄደ እሷ በምን ትኖራለች? እኔስ በምን እማራለሁ? ቁጥሩን ስጡኝና እኔ ልደውልለት ብላቸው ቁጥሩ ይቀያየራል፣ የሚደውለው እሱ ራሱ ነው አሉኝ። ሞባይል ያለው እሳቸው ጋ ስለሆነ አንተ የምትለውን ሁሉ የምንሰማው በእሳቸው አፍ ነው።

ትምህርት ቤት ስመለስ መምህሩን ጠየቅኩት። መሃል ላይ ያለው ራሱ በላኪው ስም ቢመልስስ አልኩት። እንደዚያ ከተፈራ ጫፍና ጫፍ ያሉት ብቻ የሚያውቁት ምልክት ያስፈልጋል አለኝ። ቅዳሜ ቤት ሄጄ አጎታችንን ያዝኳቸው። ሲደውል ጥርሱን የሰበረውን ቀይ በሬያችንን ያስታውስ እንደሆነ ጠይቁልኝ አልኳቸው። እሳቸው እኛ ልጆች ሳለን ሻሸመኔ ነበሩ፣ በሬ ይኑረን አይኑረን ከየት ያውቃሉ። በሳምንቱ እየሳቁ መጡ። እንዴት ይረሳዋል፣ ያ ቀንዳም እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ አሉን።

ዘካሪያስ፣ እኛ ቤት በሬ ኖሮ ያውቃል? እማዬ አጠገቤ ሆና ሰማች። ልታቀርብላቸው የያዘችውን ማንጎ መልሳ ጓዳ አስገባችው። በሬ ኖሮን አያውቅም ስላቸው መስመሩ ይቆራረጥ ነበር አሉ። መስመር ሲቆራረጥ ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል እንዴ? ይህም ሆኖ ውሉ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይፈረማል ማለታቸውን አልተዉም። እማዬም አንዳንዴ ምናልባት ልጄ ብሎት ቢሆንስ ትላለች።

በእሳቸው ብቻ አልፈርድም፣ አንተም አለህበት። እናትህ ድምፅህን ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው? አንድ ሰው መሃል አቁመህ ሁሉን ነገር ለእሱ ወርውረህ ሄድክ። ደረሰ ወይ ብለህ አልጠየቅክም። ማሳውን ስጡ ብለህም ከሆነ ለእኔ ለራሴ በለኝና እንደ እህትና ወንድም እንጣላ። ካላልክ ደግሞ በስምህ ማን እየተናገረ እንደሆነ እወቅ።

የመጋቢያችን ባለቤት እትዬ አስቴር እናንተ የምታመልኩበትን ቤተ ክርስቲያን የፖስታ ሳጥን አፈላልገው ስላገኙልኝ ይህን ደብዳቤ የምልከው በዚያ ነው። መልስህን ፖስታው ጀርባ ላይ በጻፍኩት በእሳቸው ሳጥን ቁጥር በእኔ ስም ላክ። ደብዳቤ ማንም ሊጽፍ ስለሚችል ጥርስህን ማን እንደሰበረው አብረህ ጻፍ። ለአባባ ከማንጎ ዛፍ ወደቅኩ ብለህ ነበር፤ እውነቱን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን። መንገድ ላይ የሚከፍተው ቢኖር ብዬ እዚህ አልጽፈውም። መልስህ እንደደረሰኝ ደርሶኛል ብዬ ወዲያው እጽፍልሃለሁ፤ የማሳውን ነገር የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ የምትፈርመው በጣቷ ነው፣ ጣቷን ለማንም እንዳትሰጥ ቃል አስገብቻታለሁ።

አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች በየስማቸው ሰላም በልልኝ። እትዬ አስቴርና መጋቢው በጸሎት እናስብሃለን ብለዋል። የአጎታችንን ሰላምታ ግን እኔ አላደርስም፣ እሳቸው ለሰው ማድረስ ያውቁበታል።

እማዬ ይህን ሁሉ ካነበብኩላት በኋላ ሰላም በይልኝ አለች። ጥርሱን ማን እንደሰበረው እኔም ያኔውኑ አውቄ ነው ዝም ያልኩት፣ እሱ ግን ይጻፈው፣ ማንበብ ባልችልም የልጄን የእጅ ጽሑፍ ሳየው አውቀዋለሁ ብላለች።

እህትህ ምኞት
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
መጋቢት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.