ለግቢያችን የመረጥኩት ንጣፍ

ማክሰኞ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለሚጡዬ፦

እንዴት ነሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አንድ የፊት ጥርሴ ብቻ ደህና አይደለም፤ ስለሌለ። የት እንደሄደ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን የእጅ ጽሑፌን እይልኝ! እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ፋርማሲስቱ ነበር፤ እኔ አንድ ስድብ ስነግረው እሱ ሦስት ሰላምታ ይጽፋል። አሁን የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። ከክፍላችን የሚስተካከለኝ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ትበልጠኝ ነበር፤ እሷም መነጽር ስላላት ነው።

ወደ ጉዳያችን። ባልሽ በስልክ ሁለት ነገር አዝዞኛል። አንደኛ፣ የኪራይ ክፍሎቹ ግቢ ጭቃ ስለሆነ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ይነጠፍ፣ ገንዘቡን እልካለሁ አለ። ሁለተኛ፣ ተከራያችን ልብስ ሰፊዋ ትውጣ አለ። ትታው የመጣችው ባሏ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ እየመጣ መስኮት ሲሰብር ለቤቱ ስም ጥሩ አይደለም። «ከባሏ ያልተስማማች ከማንም አትስማማም» አለኝ። ሁለቱንም እሺ ብዬ ዘጋሁት። እሺ ማለት ምን ቀረጥ አለው?

ግንበኛውን ጠራሁት። አፉ እንደ ሲሚንቶ ማቡኪያ ሳያቋርጥ የሚዞረውን፣ ታውቂዋለሽ።

«አባባ፣ ሴራሚክ ለሳሎን ነው» አለኝ። «ለኪራይ ግቢ የሚሆነው ሲረግጡት የማያኮርፍ ነው።»

እኔ ደግሞ በሰው ወሬ የምገዛ ሰው አይደለሁም፤ ደብድቤ ነው የምገዛው። ከውጭው በር ገባ እንዳሉ ሦስት ዓይነት ንጣፍ ጎን ለጎን አስደረደርኩ፦ ሴራሚክ፣ የሲሚንቶ ሊሾ፣ እና በአሸዋ ላይ የሚቀመጥ ሻካራ የሲሚንቶ ጡብ። ከዚያ ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። ከሴራሚኮቹ አንዱ በአንድ ምት እንደ ብርጭቆ ተበተነ። ሊሾው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ፤ ቢለጥፉትም ጠባሳው አይጠፋም። ጡቡ ጠርዙ ብቻ ተሸረፈ። እሱንም ነቅሎ ሌላ መተካት ነው፤ ዋጋውም ከሴራሚኩ በግማሽ ይወርዳል። «አሁን ደግሞ የማንሸራተት ፈተና» ብዬ በተረፉት ላይ ሁሉ የሳሙና ውሃ ደፋሁባቸው።

ባልዲውን እንዳስቀመጥኩ በሩ በእርግጫ ተበረገደ። ሹፌሩ ነው፤ በእጁ የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል።

«የታለች?»

«ማን?»

«አንተ ሽማግሌ፣ አትቀልድብኝ!»

«ሳልቀልድ መዋል ሐኪም ከልክሎኛል» አልኩት።

በቡጢ አፌን አለኝ። ጥርሴ ሊሾው ላይ ሲንከባለል በጆሮዬ ሰማሁት። ሊሾ ድምፅ ያስተጋባል፤ ይህም አንዱ ጉድለቱ ነው።

በግድግዳው ጥግ አልፎ ክፍሏ ገባ። የስፌት ማሽኑ ሲወድቅ ሰማን፤ ከዚያ ጩኸቷን። በፀጉሯ እየጎተተ አወጣት። ክርኗ በጡቡ ላይ ተላጠ፣ ቀሚሷ ተቀደደ። «ወደ ቤትሽ!» እያለ ሆዷን ይረግጣታል። ብረቱን ሲያነሳ ግንበኛው በአካፋ ጀርባውን አለው። ሹፌሩ ዞሮ በብረቱ ትከሻውን መታው፤ ቋ አለ፣ ልጄ፤ እንደ ደረቅ እንጨት። ያ የማያቋርጥ አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

እኔስ? አባትሽ እኮ ነኝ! ተንበርክኬ ሹፌሩን እግሩን ያዝኩትና በቀሩት ጥርሶቼ ባቱን ነከስኩት። ደሙን እስክቀምስ አልለቀቅሁም። በሌላው እግሩ ደረቴን ረግጦ ወረወረኝና ወደኋላ አፈገፈገ፤ ወደ ሳሙናማው ሴራሚክ። ሁለት እግሩ ወደ ሰማይ! ማጅራቱ መሬት ሲመታ ግቢው ሁሉ ሰማ። ሊነሳ ሲሞክር እንደገና ወደቀ፤ ስባሪው መዳፉን ቀደደው።

ቀና ስል ልብስ ሰፊዋ ቆማለች። መዶሻዬን አንስታለች። አፍንጫዋ ይደማል።

«አስቀምጪው ልጄ» አልኳት።

«አባባ፣ ዘወር ይበሉ።»

አወረደችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከሹፌሩ ጆሮ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ሴራሚኩ ዱቄት ሆኗል፣ ስብርባሪው ጉንጩ ላይ ተሰክቷል፣ ሱሪው ረጥቧል፤ በሳሙና ውሃ አይደለም።

«ይሄ ሴራሚክ ነው» አለችው። «ቀጣዩ አንተ ነህ።»

ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት። ያን ዕለት ማታ ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት። «ሲፈታ ተመልሶ ይመጣል። ቤትዎን አስበጠበጥኩ፤ ልሂድልዎ» አለችኝ። «ሩቅ ብትሄጂ እስከ ማሽንሽ ድረስ ነው፤ ተነሽና ጥገናውን እንይ» አልኳት። ቆመችና ከመጣች ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

ስለዚህ ለባልሽ እንዲህ በይው፦ ሴራሚኩ ቀርቷል፣ ገንዘቡን አይላክ፤ ጡቡን በኪራዩ ቀስ በቀስ እየገዛሁ ነው። ግንበኛው «በሩ ጋ ለባሎች ብቻ ትንሽ ሴራሚክ ብናስቀር?» ብሎኛል፤ ግን በዚያ እሷም ውሃ ተሸክማ ታልፋለች። ልብስ ሰፊዋም አትወጣም። ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ አሁን ደግሞ ስሜን ራሴ አነበዋለሁ።

ወይም ተይው፣ ምንም አትበይው። ይህን ደብዳቤ በጓደኛሽ እጅ የላክሁት ለብቻሽ እንድታነቢው ነው። ስልክሽን ሁልጊዜ የሚያነሳው እሱ ነው።

ሚጡዬ፣ ባለፈው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል አንሸራተተኝ ብለሽ ነበር። አሁን ደግሞ ከደረጃ ወደቅሁ አልሽ። ጓደኛሽ ያመጣችልኝን ፎቶ አየሁት፤ ሻርፕሽ ወረድ ብሏል። አባትሽ አሁን የንጣፍ ሊቅ ሆኗል፣ ስለ ወለል ማንም አያታልለውም። የወደቀ ሰው መዳፉ ይላጣል፣ ጉልበቱ ይላጣል፣ ክርኑ ይላጣል። ወለል አንገት አያንቅም።

የግንበኛው ትከሻ እስኪድን ጡቡን የምንደረድረው እኔና ልብስ ሰፊዋ ነን። ከበሩ ተነስተን መጨረሻው ክፍል ደርሰናል። ያንን ክፍል አላከራይም። ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ መቀርቀሪያውን ከውስጥ አድርጌዋለሁ። ተከራዮቹ ለማን ነው ሲሉኝ እስቃለሁ፤ የፊት ጥርሴ ስለሌለ ሳቄ ብዙ አያስታውቅም። ቲኬት ስትቆርጪ ለጓደኛሽ ብቻ ንገሪያት፤ እኔ ጣቢያው ላይ እቆማለሁ።

የምትረግጪው መሬት አይክዳሽ። የሚነካሽ እጅ ሁሉ የሚያቅፍ እጅ ይሁን፤ ካልሆነም ይሰበር፣ አሜን።

ክፍሉ ደረጃ የለውም፣ ልጄ። ከግቢው ቀጥ ብለሽ ነው የምትገቢው።

የሚወድሽ አባትሽ፣
በገዛ እጁ