አንሶላ የለበሱ መስታወቶች

ጥቅምት 7

የመታጠቢያ ቤቱም መስታወት ጠፋ። እማዬን ስጠይቃት "ተሰበረ" አለች። ስብርባሪ የለም፣ የተቆረጠ ጣት የለም… ሚስማሩ እንኳ ግድግዳው ላይ ደህና ነው። ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ወዲህ "የተሰበረ" ሦስተኛው መስታወት መሆኑ ነው። ሁሉም ድምፅ ሳያሰሙ፣ በሥርዓት ነው የሚሰበሩት።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ናት። የተሰማሽን ጻፊ አለችኝ። እሺ። የተሰማኝ፦ ጥርሴን እየቦረሽኩ ባዶ ግድግዳ ማየት ሰልችቶኛል።

ጥቅምት 9

ፊቴን በማንኪያ አየሁት። እዚያው ነው። በግራ በኩል ከጉንጬ እስከ አንገቴ ጠባሳ፣ በቀኝ በኩል የድሮዋ እኔ። ማንኪያውን ሳዞረው ግን አፍንጫ ብቻ ሆንኩ። ከጠባሳው ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ጥቅምት 12

ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣች። "ተመስገን በይ፣ ዓይንሽ ተርፏል" አለች። ስድስት ወር ሙሉ የመጣ ሰው ሁሉ የተረፈልኝን ሲቆጥርልኝ ነው የከረመው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጥርስ… ቀጥላ ስለ ፍንዳታው ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት እማዬ "ሽ…" አለቻት።

ዘለልኩ። ሻዩ ምንጣፉ ላይ።

እማዬ ዙሪያዋን ቃኘችና ጥፋተኛውን አገኘችው። የሚያብለጨልጨው ትሪ። የዘለልኩት ፊቴን አይቼበት መስሏት ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወረችው። አሁን ቤታችን ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር የቀረው የጎረቤታችን ሰው ሠራሽ ጥርስ ብቻ ነው።

ማንም ያልጠየቀኝን እዚህ ልጻፈው። እኔን መስታወት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ያ ድምፅ ነው። ያን ቀን የአባዬ ፀጉር ቤት ውስጥ ነበርኩ። "ጓዳ ግቢና የጺም መላጫ ውሃ ጣጂልኝ" አለኝ። ገባሁ። ሽ… ሲል ሰማሁ። ክብሪት ጫርኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሐኪም ቤት ጣሪያ ነው።

ሽ ካለ ጋዙን ከፍቼው ነበር ማለት አይደል? መጀመሪያ ከፍቼ፣ ከዚያ ክብሪት ስፈልግ ቆይቼ… ያፈነዳሁት እኔ ነኝ? አላስታውስም። ቤት ውስጥ ማንም ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አይልም። ዝም የሚሉት እኔ መሆኔን ስለሚያውቁ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጥቅምት 15

ለአማካሪዋ ስለ ድምፁ ነገርኳት። ስለ ጋዙ ግን አልነገርኳትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ለቤተሰብሽ ንገሪያቸው አለችኝ። ለሷ ቀላል ነው። እማዬ ጋ ያለው ተረት ሌላ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሁለቱ ተረቶች ይጋጠሙና ይለይላቸው። እኔ ያሸነፈውን እከተላለሁ።

ጥቅምት 19

እማዬን ጉንፋን ጣላት። የአባዬን ምሳ የሚያደርስ ጠፋ። ሻርፔን እስከ ዓይኔ ተጠቅልዬ ሄድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፀጉር ቤቱን ሳየው ገና ዛሬ ነው።

በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሦስቱም መስታወቶች አንሶላ ለብሰዋል። አንዱ አበባ ያለበት የኔ አንሶላ ነው! ስንት ጊዜ ፈልጌዋለሁ… ወንበሩ ላይ ጋሽ ጡረታ የምንላቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በየሳምንቱ የማይቀሩ ደንበኛ ናቸው፣ የሚቆረጥ ፀጉር ግን ከጆሯቸው በላይ እምብዛም የለም። "ለመሆኑ ጆሮዬ ቦታው አለ?" ይሉታል አባዬን። አባዬ ዝም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባዬ ፊት ለፊት ማውራት አይችልበትም፣ ዓይን አፋር ነው። የሚያወራው ከሰው ኋላ ቆሞ፣ በመስታወት ነው። እኔን እንኳ ሊቆጣኝ ሲፈልግ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በመስታወት ነበር የሚቆጣኝ። ሲያመሰግነኝም እንደዚያው። ታዲያ መስታወቱ ከተሸፈነ በምን ያውራ?

ጋሽ ጡረታ በሻርፑ አላወቁኝም። ምሳውን ይዤ ስጠጋ አንሶላው የተሰቀለበትን ምክንያት በሹክሹክታ አስረዱኝ። ልጁ ድንገት ብትመጣ እንዳትደነግጥ ብሎ ነው አሉኝ፤ ሱቁን መልሶ ከከፈተበት ቀን ጀምሮ እንደተሸፈነ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ልጁ እኔ ነኝ። ከፍንዳታው ወዲህ እዚህ ዝር ብዬ የማላውቀው እኔ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከዚያ የውሃ መርጫውን አነሳና የጋሽ ጡረታን ማጅራት… ሽ። ምሳውን ጥዬ ሮጥኩ።

ጥቅምት 20

የሮጥኩት ከአንሶላው ሥር መስታወት ታይቶኝ ነው ተብሎ ተወስኗል። እማዬ ከዛሬ ጀምሮ የምታወራኝ ፊቴን እንዳላይበት መነጽሯን አውልቃ ነው። ቁርስ ላይ በሩን ነው "በደንብ ብይ" ስትለው የነበረው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንሶላው ለኔ ከሆነ እኔ በሌለሁበት ምን ይሠራል? ራሱን ማየት የማይፈልገው ማነው?

ጥቅምት 23

የእማዬን የካውያ ውሃ መርጫ ሰርቄ ጓሮ ወጣሁ። ጠላቴ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው። አንዴ ጫንኩት። አጥሩ ሥር ተገኘሁ። አስራ ስድስት ዓመት ኖሬ በፕላስቲክ ተሸነፍኩ።

ጥቅምት 28

አስራ አንድ ጊዜ! ልቤ ይመታል፣ እግሬ ግን አይሮጥም። የመስኮቱ አበባ በውሃ ብዛት ሊሞት ነው። ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 2

ሄድኩ። ሻርፑን በሩ ላይ አወለቅኩት። ጋሽ ጡረታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ቀና አሉ፣ አወቁኝ፣ ሰላም አሉኝ። የተረፈልኝን አልቆጠሩም። እግዜር ይስጣቸው።

የመሀሉን አንሶላ ጎትቼ አወረድኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጉንጬ ላይ የሚወርደውን ፀጉር ቁረጥልኝ አልኩት አባዬን። መቀሱን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። የሚያየው ወለሉን ነው።

"አባዬ፣ በመስታወት አናግረኝ።"

ቀና አለ። ተያየን። የሰው ጺም የሚያሳምረው ሰውዬ የራሱ ጺም እዚህም እዚያም ተሸራርፏል። ለካ ያለ መስታወት ነው የሚላጨው…

"ጋዙን የከፈትኩት እኔ ነኝ?" አልኩት። እንዲህ እጮኻለሁ ብዬ አልነበረም።

"መክፈቻው ዝግ ነበር" አለ። "በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ። አልነካሽውም። ቱቦው ነው። ተሰንጥቆ ነበር፣ እኔ… በፕላስተር ጠቀለልኩት። ነገ እቀይረዋለሁ እያልኩ።"

"ስንት ነገ?"

"ብዙ ነገ፣ ልጄ።"

የሰማሁት ሽ የቱቦው ነበር። እኔ ከመግባቴ በፊት ክፍሉ በጋዝ ተሞልቶ ነበር።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። እኔ ነኝ ስል ከርሜ፣ እሱ መልሱን አንሶላ አልብሶ አስቀምጦታል! ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ጋሽ ጡረታ ጋዜጣቸውን ገልብጠው ያነቡ ነበር። አባዬ ግን ዓይኑን ከመስታወቱ አልነቀለም። እያለቀሰ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። እኔም አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ ስለ ድምፁ ነገርኩት። መስታወት ፈርቼ አላውቅም አልኩት። የውሃ መርጫውን አንስቶ ሊደብቀው ሲል ነጠቅኩትና ፀጉሬ ላይ ራሴ ረጨሁት። ሦስቴ። ከዚያ ቆረጠኝ።

ኅዳር 3

ፀጉሬ ጠማማ ነው። አባዬ በሥራ ዘመኑ ያበላሸው የመጀመሪያ ፀጉር ነው ይላል። ጋሽ ጡረታ አይስማሙም። ትናንት ከኔ በኋላ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ራሳቸውን ግራና ቀኝ አዩና "እንዲህ ሆኜ ነው በሰው መሀል የከረምኩት?" አሉ።

ኅዳር 6

የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት "ተጠግኖ" ተመለሰ። ስንጥቅ እንኳ አይታይበትም፣ ጠጋኙ ጎበዝ ነው። እማዬ መነጽሯን አደረገች። ሰው ዝም ልታሰኝ ስትፈልግ አሁን ጣቷን አፏ ላይ ብቻ ታደርጋለች። እሱም ትንሽ ያስቀኛል።

ትምህርት ቤት ያለ ሻርፕ ሄድኩ። አፈጠጡብኝ፣ አፈጠጥኩባቸው። በመጨረሻ የሳቁት በፀጉሬ ነው። እውነታቸውን ነው።

ጓዳውን ገና አልገባሁበትም። ክብሪትም አልጫርኩም። አባዬ ቱቦውን ብቻ ሳይሆን ምድጃውንም አውጥቶ ጥሏል፤ ውሃ የሚያፈላው በኤሌክትሪክ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎራ አልኩ። ጠማማውን ላስተካክልልሽ ብሎ አስቀመጠኝ። ትንሽ ቆረጠና በመስታወት አየኝ።

"አሁንም አኩርፈሽኛል?"

"አዎ።"

"እሺ" አለና መቁረጡን ቀጠለ።

እውነትም አኩርፌዋለሁ። እስከ ዛሬ ሳኮርፍ የነበረው ራሴን ነው።