ለሌላ ሰው ሲጠበቅ የኖረ ስልክ

በቤት «እታለም»፣ በሥራ ቦታ ደግሞ «ጆሮ» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት መሐንዲስ እህታችን፣ ከመኪና ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እንዲህ ያለ የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ቀን ሊጻፍ እንደሚችል ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን አልነበረም። ይጻፋል ተብሎ የተፈራው ለባለቤታቸው ነበር። ለእርሳቸው ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው የለም። ጸሐፊው ታናሽ ወንድማቸው አሁንም ብዕሩን ይዞ ስህተት አለ እያለ ነው።

የተወለዱበት ቤት ከአባታቸው ጋራዥ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰን ነበር። እናታቸው ይህች ልጅ ከእኔ ድምፅ በፊት የለመደችው የሞተር ድምፅ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር። ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ ደጅ መኪና ሲቆም ከጓዳ ሆነው «አባዬ፣ ይኼ ያመዋል» ይሉ ነበር። አባትየው መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ ግን ሳቁን ትተው የቱ ጋ ነው የሚያመው ብለው መጠየቅ ጀመሩ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተምረዋል። ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው አያውቁም፤ ሁለተኛ ግን እስኪሰለቻቸው ወጥተዋል። ይህ እዚህ ላይ የሰፈረው ራሳቸው ለልጃቸው በኩራት ይናገሩት ስለነበር ነው። በዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምረው፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በኮምፒውተር ሳይንስ ከያዙ በኋላ በአየር ኃይሉ የጥገና ማዕከል ተቀጠሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉትም እዚያው ነው።

ሥራቸው ምን እንደነበር ለብዙ ዘመድ ግልጽ አልነበረም። እናታቸው እስከ ዛሬ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ታስተምራለች» ነው የሚሉት፤ እውነትም አላቸው፣ የሚያስተምሩት ኮምፒውተሩን ራሱን ነበር። በሄሊኮፕተር ሞተርና ካምቢዮ ላይ ንዝረትና ሙቀት የሚለኩ ሴንሰሮች ይገጠማሉ። እታለምና ባልደረቦቻቸው ሴንሰሮቹ በየበረራው የመዘገቡትን መረጃ ለዓመታት እየሰበሰቡ፣ ጤነኛ ሞተር እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሊሰበር የደረሰ የዘንግ መሸከሚያ ኩሽኔታ እንዴት እንደሚያጉረመርም ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሠሩ። ፕሮግራሙ የተጠራጠረው ሄሊኮፕተር ተፈትቶ ሳይታይ እንዳይነሳ ደንብ ያስወጡት እርሳቸው ናቸው። ደንቡ እስኪጸድቅም ያላስቀየሙት አለቃ አልነበረም። በኋላ ደግሞ ዒላማ የሚመርጥ ፕሮግራም እንዲሠሩ ከፍ ያለ ሹመት ቀርቦላቸው ነበር። «እኔ የማውቀው የወጣውን መመለስ ነው» ብለው ሳይቀበሉ ቀሩ፤ ሹመቱም ለሌላ ሰው ሆነ።

ያገቡትም ካስቀየሟቸው ሰዎች አንዱን ነው። የሄሊኮፕተር አብራሪው ባለቤታቸው መጀመሪያ ወደ ቢሯቸው የመጡት ሊጣሉ ነበር፤ ሄሊኮፕተራቸው ታግዶ ካምቢዮው ተፈትቶ ምንም አልተገኘበትም። ጥፋቱ የላላ የሴንሰር ብሎን ሆነ። እታለም ፕሮግራሙ መሳሳቱን አብራሪዎቹ ሁሉ ባሉበት ተናገሩ፣ ብሎኑንም በገዛ እጃቸው አጠበቁት። አብራሪው በማግስቱም ተመልሰው መጡ። በዚህኛው ጊዜ የሚጣሉበት ነገር አልነበራቸውም።

ከተጋቡ በኋላ ፕሮግራሙ የባለቤታቸውን ሄሊኮፕተር ዳግመኛ አገደ። ጓደኞቻቸው ሚስት ባሏን ቤት ልታስቀር ነው ብለው ተሳሳቁ። እታለም የማንም ባል ቢሆን አይነሳም አሉና አስፈቱት። ኩሽኔታው ተሰንጥቆ ነበር፤ ያን ቀን ቢነሳ የሚመለስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የቀለደባቸው የለም።

በትዳራቸው አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ለዩኒቨርሲቲ አብቅተዋል። ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ድምፁን ሲቀይር ጨዋታ አቋርጠው ጆሯቸውን ያቆሙ ነበር። ልጃቸው ስታስል እንኳ ከሌላ ክፍል ሆነው ይኼ የጉንፋን ነው፣ ይኼ የተንኮል ነው ይሉ ነበር። ልጅቱም እማዬ እኔንም እንደ ሞተር ነው የምታዳምጪኝ እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

የአብራሪ ቤተሰብ ስልክ ይፈራል። ባለቤታቸው ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ፣ ገና ከሄሊኮፕተሩ እንደወረዱ፣ ደውለው «ደርሻለሁ» ይላሉ። እታለም «እሺ» ብለው ይዘጋሉ። በሙሽርነታቸውም ከዚህ የረዘመ ወሬ አልነበራቸውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮሱ ሳለ ታናሽ ወንድማቸውን ጠሩት። ምናልባት ባለቤታቸው አንድ ቀን ከበረራ ባይመለሱ፣ መርዶውን የሚነግራቸው እርሱ እንዲሆን እንደሚፈልጉ ነገሩት። «ቁጭ በይ አትበለኝ። ውኃ አታምጣልኝ። ዙሪያ ጥምጥም ከሄድክብኝ አልምርህም። ስሙን ጥራና በአንድ ቃል ንገረኝ» አሉት። ወንድምየው ምን ዓይነት አፍ ነው ብሎ ተቆጣ፤ ተቆጥቶም ሲያበቃ እሺ አለ። እርሳቸውም ወደ ካውያቸው ተመለሱ። ያን ነገር ዳግመኛ አላነሱትም፤ እርሱ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ያስታውሰው ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከአየር ኃይሉ ተደወለለት። ደዋዩ ቶሎ ድረስ ከማለት በቀር አልተናገረም። ወንድምየውም ምን ተፈጠረ ብሎ አልጠየቀም፤ ለዓመታት ሲፈራው የኖረው ስልክ መሰለው። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የአማቹን ስም ደጋግሞ እየጠራ፣ እህቱ ፊት ቆሞ የሚለውን ተለማመደ። በር ላይ ለዘበኛው እኔ ነኝ የምነግራት፣ ማንም እንዳይቀድመኝ አለው። ዘበኛው ትክ ብሎ አየውና አሳለፈው።

ቢሯቸው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቀድመውኝ ነገሯት፣ ደንግጣ ወደቀች ብሎ ተናደደ፤ ሰዉን እየገፋ ገባ። ወንበራቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ስክሪኑ እንደበራ ነው፣ መነጽራቸው ኪቦርዱ ላይ ተቀምጧል። አንድ ሐኪም ከእታለም አጠገብ መሬት ላይ ተንበርክከው ነበር።

ወንድምየው «ነገራችኋት?» አለ።

ሐኪሙ ቀና ብለው «ምኑን?» አሉት።

እግዚኦ! ያን ጊዜ የገባው ነገር እስከ ዛሬ በትክክል አልገባውም።

ከሕመማቸው ይጻፍ ቢባል ሕመም አልነበረም። ጠዋት ራሴን ከበደኝ ብለው ኪኒን ውጠው ወደ ሥራ ሄዱ። የጭንቅላታቸው ደም ሥር በድንገት መፈንዳቱን፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የማያስጠነቅቅ መሆኑን ሐኪሞቹ አስረድተዋል። ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው ሁሉ የሞተሩን ሕመም ቀድማ የምትሰማ ሴት የራሷን እንዴት ሳትሰማ ቀረች ይላል። ከቅን ልብ ነው፤ ግን እባካችሁ ይቅር፣ ቤተሰቡ ሊሰማው አልቻለም። ቤተሰቡ ደንግጦ እንደቆመ ነው፤ ገና በቅጡ ማልቀስ እንኳ አልጀመረም።

በዚያች ሰዓት ባለቤታቸው በአየር ላይ ነበሩ። በሬዲዮ እንዳይነገራቸው ተወሰነ። ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞረ። ሄሊኮፕተሮቹ የሚያርፉበት ሜዳ ዳር ሄዶ ቆመ። አብራሪው ወርደው፣ የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው መጡ። ቢሮው ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የእታለም ስልክ ይጠራ ነበር።

ወንድምየው ቁጭ ይበሉ አላለም። ውኃም አላመጣም። የእህቱን ስም ጠርቶ በአንድ ቃል ነገራቸው።

አብራሪው ግን ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም። አንዳች የሐሰት ወሬ ስለ ራሳቸው የተወራ፣ ወንድምየውም በዚያ ደንግጦ የመጣ መሰላቸው። ደረታቸውን መታ መታ አድርገው «እኔ እኮ ደኅና ነኝ፣ ይኸው። ደርሻለሁ በላት» አሉት።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እናታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው በተወለዱ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ይህ ጽሑፍ ለባለቤታቸው ሲነበብላቸው ምንም እንዲስተካከል አልጠየቁም። ከማክሰኞ ወዲህ ስለተነሱት ሄሊኮፕተሮች አንድ ነገር በመጨረሻው ላይ እንዲነበብ ብቻ ለመኑ፤ እርሷ ሳትሰማ አትሄድም አሉ። ስለዚህ ይነበባል።

እታለም፣ ሁሉም ደርሰዋል። አንቺንም እግዚአብሔር በሰላም ያድርስሽ።