ከፍራንክፈርት ጎንደር፣ ከመካነ ብርሃን ጎንደር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ሆነህ። ስትሄድ አላየሁህም፤ የመጨረሻው ንግግራችንም የመንገድ ወሬ ነበር። «ስንት ሰዓት ትበሪያለሽ?» ብለህ በስልክ ጠየቅኸኝ። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ሰባት ሰዓት ግድም እንደሚፈጅ፣ ከዚያ ጎንደር አንድ ሰዓት ብቻ እንደሚቀረኝ ነገርኩህ። ሳቅህ። «እኔማ ከዚህ ከማስተምርበት ከመካነ ብርሃን ጎንደር ለመግባት ቀኑ አይበቃኝም፤ ቀድሜሽ ልነሣ» አልክ። መንገዱ ክፉ ነው ያሉህን ሁሉ አልሰማህም። ስድስት ዓመት ያላየሃትን ልጅህን ራስህ ልትቀበላት ፈለግህ።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ወንድሜ መስፍን ብቻውን ቆሟል። «አባዬስ?» ስለው «እየመጣ ነው» አለኝ። እሱም አላወቀም ነበር።

የሆነውን አጠገብህ ተሳፍረው የነበሩት አያ ደስታው ነገሩኝ። ደባርቅ አድራችሁ በማለዳ ስትነሡ፣ ዳባት ሳትደርሱ ታጣቂዎች መኪናውን አስቁመው ሁላችሁንም አወረዷችሁ። ስልክህን ሲጠይቁህ አውጥተህ ሰጠሃቸው። ለእኔ የያዝከውን ማር ሊወስዱ ሲሉ ግን «ልጄ ከሩቅ አገር እየመጣችብኝ ነው፤ ምነው ይህን እንኳ ብትተዉልኝ?» ብለህ ጀሪካኑን ያዝክ። አንዱ በሰደፍ አፍህን መታህ። ወደቅህ። ተነሥተህ እንደገና ስትይዘው ደረትህ ላይ ተኮሰ። አያ ደስታው ጋቢያቸውን ቁስልህ ላይ ደፍነው ደሙን ሊያቆሙ ታገሉ፤ አንተ ግን «ደርሳ ይሆን?» እያልክ አረፍክ። እኔ ያን ጊዜ አየር ላይ ነበርኩ። ጣናን በመስኮት እያየሁ፣ ደረስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስከሬንህ ከሚገነዝበት ክፍል ሴት አትገባም ቢሉኝም፣ ነርስ ነኝ ብዬ ካህናቱን ለምኜ ገባሁ። እማዬ እንዲያ ሆነህ እንዳታይህ የተሰነጠቀ ከንፈርህን የሰፋሁት እኔ ነኝ። 

በሠልስትህ መስፍን ጠመንጃህን ከግድግዳው አወረደ። እማዬ በሩን ዘግታ አፈሙዙን ያዘች። ሲታገሉ ባረቀ፤ ጥይቱ በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ጣሪያውን በሳው። ዘልዬ መስፍንን መሬት ላይ ጣልኩት። ፊቱን በጥፊ መታሁት፤ አፍንጫው እስኪደማ መታሁት። እጁን አላነሣብኝም። አልደብቅህም አባዬ፤ የመታሁት እሱን ለማስቆም ብቻ አልነበረም። አንተን የገደለውን ሰው ስላላገኘሁት ነው።

ጠመንጃው አሁን ቤት የለም፤ እማዬ ለአጎቴ ሰጥታዋለች። የጣሪያውን ቀዳዳ መስፍን በገዛ እጁ ደፈነው። ከእማዬ ጋር ጧት ጧት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ፍራንክፈርት ከተመለስኩ ወዲህ ከእኔ ጋር በስልክ መነጋገር የጀመርነው ገና ባለፈው ወር ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ደግ አደረግሽ፤ ባትመቺኝ እሄድ ነበር» አለኝ።

ዘመዶች «እዚያ ሰው ሲጠይቅሽ ታሞ ሞተ በይ፤ አገርሽን አታሳጪ» ይሉኛል። አልልም። በሽታ አልነበረብህም። የጠየቀኝን ሁሉ፣ ነገ የምወልዳቸውንም፣ ስምህን ጠርቼ «ሊቀበለኝ ሲመጣ ገደሉት» እላቸዋለሁ።

ልጅህ ትርንጎ