ጭድ የሌለበት ጭቃ

ሰኔ 9

ዋጃ ገባሁ። ሙቀት፣ አቧራ፣ ስኳር የሌለው ሻይ። አከራዬ ሰይዳ ጓሮዋን ለጥናቴ ፈቀደችልኝ። ጥያቄዬ፦ ብረት ሳይታወቅ የነበሩ ገበሬዎች የቤታቸውን ጭቃ እንዴት ያቦኩ ነበር? ጉድጓድ ቆፈርኩ። አፈር፣ ውሃ... ጭዱ ነገ።

"ከሞተ ሺህ ዓመት ላለፈው ሰው ቤት ልትሠራ ነው?" አለች። "እንግዳው መቼ ይገባል?"

ሰኔ 10

ከቆቦ ሁለት ሸክም የጤፍ ጭድ አመጣሁ። ረገጥኩት። ጭቃው እስከ ጉልበቴ... ደስ ሲል! ድርቁ ከቀያቸው አውጥቷቸው መንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች ያዩኛል። ከትናንት በዝተዋል? ቀና ብዬ አላየሁም። ለምን?

ሰኔ 11

ጎረቤታችን አያ ካሳው አጥሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ጭድ ነው?"

"አዎ፣ አያ።"

ሳቁ። "የእኔ በሬ አፈር ይልሳል። እዚህ ደግሞ አፈሩ ጭድ ይበላል!"

ሳቅሁ። ሳቄን ራሴ ሰማሁትና አፈርኩ።

ሰይዳ ቆይታ፦ "አንደኛው በሬ ሞቶባቸዋል። ይኸኛው ከወደቀ፣ ዝናቡ ቢመጣ በምን ያርሳሉ? ጭድ ጭቃ ውስጥ የሚገባው ከከብት ሲተርፍ ነው። ይኸን ተማሪ ቤት አልነገሩህም?"

አልነገሩኝም። አልጠየቅሁም።

ሰኔ 12

ጭዱ ጭቃው ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። "ታጥቦ ይወጣ ይሆን?" አልኳት። ሰይዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ቅርጫት አመጣች። ጭቃውን ተሸክመን ከደረቀው ወንዝ ወደቀረችው ኩሬ ወረድን። አያ ካሳው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ።

"ጭድ አጣቢ ተማሪ! አዲሳባ ይኸንን ነው የሚያስተምሩት?"

ግማሹን አተረፍን። ግማሹ ከጭቃው ጋር ሰመጠ።

ሰኔ 13

በሬው የታጠበውን ጭድ አሸተተ። ፊቱን አዞረ።

"አብሽሩ" አለች ሰይዳ። ከአፋር ነጋዴዎች የገዛችውን ጨው በውሃ አሟሙታ ረጨችበት። አንዴ ላሰ። ሁለቴ። ከዚያ የማኘኩ ድምፅ! አያ ካሳው ወደ በረቱ ግድግዳ ዞሩ።

ሰኔ 17

ሌሊቱን ዘነበ። በሬው ቆሟል፤ አያ ካሳው የሚያቀናጁት ሌላ በሬ ፍለጋ ጎረቤት እየዞሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሥር ያቆምኩት፣ ጭድ የሌለበት የጭቃ ግድግዳዬ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ከአንድ ጥንታዊ ግድግዳ መሐል ጭድ የሌለበት አንድ ንብርብር ተገኝቷል... ምክንያቱን ባለፈው ዓመት በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፦ "የሙያ ማነስ።"

ሰረዝኩት። ከጎኑ ጻፍኩ፦ የተራበ በሬ ነበራቸው።