ባንኩ ሞተሻል አለኝ

የካቲት 3

ቀኑን ሙሉ ጀሶ ሳቦካ ዋልኩ። ለአንድ ጡረተኛ ሙሉ የላይ ጥርስ ጨረስኩለት። አሁን የሚስቅበትን ይፈልግ።

አሠሪዬ ጋሼ ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ። ጥርስ የምንሠራባትን ክፍል ከነምድጃዋ፣ ከነማለስለሻዋ ለእኔ ሊሸጥልኝ ነው። ዓይኑ ደክሟል። "ከባዕድ አንቺ ትሻይኛለሽ። ግን እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው የምጠብቅሽ፤ ከዚያ ለጠየቀኝ ሰው እሰጣለሁ" አለኝ። የባንክ ብድር ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከማንም ተበድሬ አላውቅም። ማን ይከለክለኛል?

ለእማዬ አልነገርኳትም። ሲሳካ ይሻላል።

የካቲት 10

ባንክ ሄድኩ። የብድር ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን።

"መዝገቡ ላይ… ሟች ይላል።"

"ማን?"

"እርስዎ።"

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አሸሸ። የሰው ሁሉ የብድር ታሪክ የሚያዝበት መሥሪያ ቤት አለ አለኝ። ባንኩም፣ በዱቤ የሚሸጠው ሱቅም ማን እንደተበደረ፣ ማን እንደከፈለ ወደዚያ ይልካል። "ሄደው ሪፖርትዎን ያውጡ። የሚያስፈልግዎት መታወቂያ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ደግሞ በነፃ ነው። ሰው ግን ካልተከለከለ ትዝ አይለውም።"

ለጋሼ ነገርኩት። "እኔም ለሟች በዱቤ አልሸጥም!" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ… ቤት ስገባ ግን መስታወት ፊት ሄጄ ቆምኩ። ምን ፈልጌ ነው?

የካቲት 14

መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ መታወቂያዬን አይታ ወረቀቱን አተመችልኝ። "መጀመሪያ ስምና ቁጥርዎን ያመሳክሩ። ቀጥሎ አድራሻውን። ከዚያ ብድሮቹን አንድ በአንድ። የማያውቁት ነገር ካለ ያክብቡበት፤ ቅሬታ ያስገባሉ።"

ስሙ የእኔ። ቁጥሩ የእኔ። የትውልድ ቀኑም የእኔ። አድራሻው ግን… ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስ ሰፈር ነው፤ ረግጬው አላውቅም። ብድሮቹ የዱቤ ዕቃዎች ናቸው። ስልክ። ማቀዝቀዣ። የልብስ ስፌት መኪና። ለስድስት ዓመት አንድም ቀን ሳይዘገይ ተከፍሏል። ባለፈው ክረምት ክፍያው ቆመ። ከሥሩ፦ "ተበዳሪዋ በሕይወት የለችም።"

አከበብኩ፣ አከበብኩ…

"አንዳንዴ የሰው መታወቂያ ይዘው የሚበደሩ አሉ" አለች ልጅቷ። "ጠፍቶብዎት ያውቃል?"

አዎ። ከሰባት ዓመት በፊት። ቁንጫ ከቤት በወጣችበት ሰሞን።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ቅሬታውን ሳላስገባ ወጣሁ።

የካቲት 15

ቁንጫ። ታናሽ እህቴ። ቀጭንና ነካሽ ስለነበረች ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ፊታችን ግን ቁርጥ አንድ። ትምህርት በቃኝ፣ ሥራ እገባለሁ ያለች ቀን አባባ፣ "ውጪልኝ! ሁለተኛ ስምሽን እንዳልሰማ!" አላት። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የለበሰችውን ለብሳ ወጣች። አባባ ከሞተ በኋላ ያልጠየቅነው ሆስፒታል፣ ያልጠየቅነው ፖሊስ ጣቢያ የለም። የጠየቅነው ደግሞ በስሟ ነው። በስሟ!

ሌላ ሰው ይሆናላ። መታወቂያዬን የሰረቀ ማንም ሌባ። አምላኬ፣ ሌባ አድርግልኝ።

የካቲት 19

ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። ሳፋው ከእጇ ወደቀ።

"ኧረ የፈጣሪ ያለህ! አንቺን… ቀብረንሽ አልነበር እንዴ?"

ያኔ አወቅሁ።

እህቷ ነኝ አልኳት። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አከራይዋ ነበረች። ቁንጫ ከጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ትኩሳት ጀመራት፣ "ይለቀኛል፣ ሥራ አለብኝ" እያለች ሳምንት ከረመች፤ ሆስፒታል ስትገባ ረፍዶ ነበር። የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ ለዱቤ ሱቁ ሞቷን የነገረችውም ይቺው ሴትዮ ናት።

"ዘመድ የለኝም ነበር የምትለው። አንድ ቀን ግን 'እህት አለችኝ፣ ጥርስ ትሠራለች' አለችኝ። በይ ጥሪያት እንጂ ስላት፣ 'ስሟን ይዤባት በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?' አለች። ዕዳዋን ለመክፈል ስትሮጥ ደግሞ እስቃለሁ፣ ምነው ቀስ ብትዪ፣ አይበሉሽ! እላለሁ። 'ስሙ የሰው ነው፣ አላበላሽም' ትለኛለች። አልገባኝም ነበር እኮ…"

መቃብሩ ድረስ ወሰደችኝ። ድንጋዩ ላይ ስሜ አለ። ስሜ ከነአባቴ። የተወለድኩበት ዓመት። ቆሜ አነበብኩት። እንባ እምቢ አለኝ። ማንን ብዬ ላልቅስ?

የካቲት 21

ሰው ስሜን ሲጠራ እደነግጣለሁ። ዛሬ ጋሼ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ዝም ያልኩት ሳልሰማው ቀርቼ አልነበረም።

መስታወቱን በፎጣ ሸፈንኩት። ጥርሴን ስፍቅ የምታየኝ እሷ ናት።

የካቲት 26

አድራሻዋ እዚያ ነበር። ከዓመት ዓመት፣ በስሜ ሥር፣ እኔ ብቻ ልጠይቀው በምችለው ወረቀት ላይ። አንዴ ባየው… አንዴ! "ያልተበደረ ሰው ምን ያያል?" ብዬ እኮራ ነበር። ኩራቴን ውሃ ይብላው።

መጋቢት 2

ጋሼ "እህስ?" አለኝ። ምን ልበለው? ቅሬታ ካስገባሁ 'ታዲያ የሞተችው ማን ናት?' ይሉኛል። መልስ መስጠት አለብኝ። እማዬም መስማቷ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ሥራዋን ጥላ የምትነሳው እማዬ… ካላስገባሁ ደግሞ ሞቼ እቀራለሁ፤ የጥርስ ክፍሏም ታመልጠኛለች።

ዛሬም በሩ ተንኳኳ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ስትነሳ አየኋት። ስትቀመጥም አየኋት።

መጋቢት 6

ነገርኳት። እሪ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የቀሚሷን ጫፍ እያጠፈች፣ እየዘረጋች እንዲህ አለችኝ፦

"መታወቂያሽን የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ዕድሜዋ አልደረሰም፣ ማን ሥራ ይሰጣታል ብዬ… ያንቺን ልብስ ለሷ አልነበር የማወርሰው? ይሄንንም እንደዚያው አየሁት። መልካችሁ አንድ፣ ማን ይለያችኋል?"

"ይህን ሁሉ ዓመት በስሟ ስንፈልጋት እያየሽ!"

"በሰው መታወቂያ የኖረ ይታሰራል ሲሉ ሰማኋ። ከምትታሰርብኝ… ትመጣለች ብዬ። አባትሽም ሞቷል፣ ነገ ትመጣለች ብዬ።"

ጮህኩባት። በእናቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጠላኋት፣ አሳዘነችኝም፤ ሁለቱም እኩል። ልጇን የሸሸገችው ለማዳን ብላ ነው። ከእኛም ሸሸገቻት።

መጋቢት 9

እማዬ መሥሪያ ቤቱ ድረስ አብራኝ መጣች። ቅሬታውን ሞላሁ። 'ሟቿን ካወቁ ስሟን ይጻፉ' የሚል ቦታ አለ። ቁንጫ ብዬ ልጽፍ እጄ ተነሳ… ትክክለኛ ስሟን ጻፍኩ።

እማዬ በመስኮቱ አጎንብሳ ልጅቷን፣ "የኔ ልጅ፣ እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ" አለቻት።

አነበበችላት። ወረፋ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። እማዬ ለቅሶዋን እዚያው ጀመረች።

መጋቢት 29

መልሱ እስካሁን አልመጣም። ዱቤ ሱቁንም ይጠይቃሉ፣ ጊዜ ይወስዳል ብለውኛል። ለጋሼ ሁሉንም አወጣሁለት። መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየና፣ "ሞቶ የተነሳ ሰው ትንሽ ይጠበቃል" አለኝ። ቀልዱ እንደ ድሮው አልወጣለትም።

ሚያዝያ 12

አዲሱን ሪፖርት አወጣሁ። ሟች የሚለው የለም። አድራሻዋ የለም። ስልኩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ስፌት መኪናው… የለም። "የተመዘገበ ብድር የለም" ይላል። የፈለግኩት ይሄንኑ አልነበር? ታዲያ ለምንድነው ሁለተኛ የቀበርኳት የመሰለኝ?

ባንክ ወሰድኩት። ሠራተኛው አገላብጦ አየውና፣ "ባዶ ስለሆነ የጠየቁትን ግማሽ ነው የምንፈቅደው። የተሰረዘው መዝገብ የእርስዎ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን ያለ ጥያቄ እንሰጥ ነበር። እንደዚያ ያለ ከፋይ ብዙ አናይም" አለኝ።

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ከፋይዋ እህቴ ናት አልኩት። ጮክ ብዬ። ጋሼ ቀሪውን ቀስ ብዬ እንድሰጠው ተስማማ።

ሚያዝያ 20

ትናንት ድንጋዩን አስቀየርን። አሁን የራሷ ስም ነው። አከራይዋም መጥታ ነበር፤ እስካሁን ፊቴን በደንብ ማየት አትችልም።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ እማዬ ከጓዳ ጠራችኝ። በሙሉ ስሜ። ልቤ ድንግጥ አለ።

"አቤት!"

እንደገና ጠራችኝ።

"አቤት እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። አቤት ስትዪ ልስማ ብዬ ነው።"